ጽሑፉ አንድ፣ አነባበቡ ልዩ ልዩ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የዛሬውን ጽሑፍ በሁለት ጥያቄዎች እንጀምራለን። ጥያቄዎቹን ያመጣኋቸው እኔ አይደለሁም፤ ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ የጠየቃቸው ናቸው። አንድ ሕግ ዐዋቂ ሊፈትነው ተነሥቶ የዘለዓለም ሕይወት የሚወረስበትን መንገድ በጠየቀው ጊዜ፣ ጌታ መልሱን ወዲያው አልሰጠውም። በሕግ መጽሐፍ ምን እንደ ተጻፈ፣ እርሱስ እንዴት እንደሚያነብበው መልሶ ጠየቀው። ይህን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ቁጥር 26 ላይ ታገኙታላችሁ።

ልብ በሉ ልጆች! ጥያቄው አንድ አይደለም፤ ሁለት ነው። ምን ተጻፈ የሚለው አንዱ ነው፤ እንዴት ይነበባል የሚለው ሌላው ነው። የተጻፈው ወንጌል ለሁሉም አንድ ነው። እኛ በቅዳሴ የምንሰማው የሉቃስ ወንጌል በሮም ያሉ ካቶሊኮች፣ በግሪክ ያሉ ኦርቶዶክሶች፣ በጀርመን ያሉ ሉተራውያን፣ በሰፈራችሁም ያሉ የፕሮቴስታንት አማኞች የሚያነቡት ያው የሉቃስ ወንጌል ነው። ከአራቱ ወንጌሎች አንዱን የጣለ ወይም አምስተኛ የጨመረ ከእነዚህ መካከል የለም። ልዩነቱ የሚመጣው በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው።

ይህን ነገር ለሕፃናት ማስተማር አያስፈልግም፣ ግራ ይጋባሉ የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ ግን ከእነርሱ ጋር አልስማማም። እናንተ በትምህርት ቤት ከልዩ ልዩ እምነት ልጆች ጋር በአንድ ዴስክ ትቀመጣላችሁ፣ በዕረፍት ሰዓት አብራችሁ ኳስ ትጫወታላችሁ፣ ምሳችሁንም ትካፈላላችሁ። ጥያቄው እስክታድጉ ድረስ ቆሞ አይጠብቃችሁም። ዘንድሮ ወይም ከርሞ መምጣቱ አይቀርምና ከመንገድ ላይ ከምትሰሙት ከዚህ ብትሰሙት ይሻላል።

ጌታችን ለሕግ ዐዋቂው የነገረው ምሳሌ ሁላችሁም የምታውቁት የደጉ ሳምራዊ ታሪክ ነው። አንድ ሰው ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ይወርድ ነበር። ወረደ መባሉ እንዲያው አይደለም። ኢየሩሳሌም በተራራ ላይ ያለች ከተማ ስትሆን ኢያሪኮ ከባሕር ወለል በታች ናት፤ 27 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆነው መንገድ 1000 ሜትር ያህል ቁልቁለት አለ። በዚያ ጭር ባለ ቁልቁለት ወንበዴዎች ደበደቡት። ካህኑ አይቶ አለፈ፤ ሌዋዊውም አይቶ አለፈ። ሳምራዊው ግን ቁስሉን በዘይትና በወይን ጠጅ አጥቦ፣ በራሱ አህያ ጭኖ፣ ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደው፤ ለጠባቂውም ሁለት ዲናር ሰጠ።

ይህን ታሪክ ክርስቲያኖች በሁለት መንገድ ሲያነቡት ኖረዋል። አንደኛው መንገድ እንደ ተነገረው መቀበል ነው፦ የተቸገረን ሰው ዘሩንና አገሩን ሳትጠይቅ እርዳ ማለት ነው። ሁለተኛው መንገድ ደግሞ ታሪኩን የዓለም ሁሉ ታሪክ አድርጎ ማንበብ ነው። ይህ አነባበብ ከሦስተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በጽሑፍ ይገኛል፤ በእኛም መምህራን ዘንድ የታወቀ ነው። የወረደው ሰው አዳም ነው፤ ኢየሩሳሌም ገነት ናት፤ ኢያሪኮ ይህ ዓለም ነው፤ ወንበዴዎቹ አጋንንት ናቸው። ካህኑና ሌዋዊው አይተው ማለፋቸው ኦሪትና ነቢያት አዳምን ማዳን እንዳልቻሉ ያሳያል። ሳምራዊው ክርስቶስ ነው፤ ማደሪያውም ቤተ ክርስቲያን ናት። ሁለቱ ዲናርስ? እዚህ ላይ አባቶች ራሳቸው ልዩ ልዩ ነገር ተናግረዋል። የሚላኑ ኤጲስ ቆጶስ አምብሮስዮስ ብሉይና ሐዲስ ኪዳን ናቸው አለ። የሰሜን አፍሪካው አውግስጢኖስ ደግሞ እግዚአብሔርን መውደድና ባልንጀራን መውደድ የተባሉት ሁለቱ ትእዛዛት ናቸው አለ። በፈረንሳይ አገር ሻርትር በምትባል ከተማ፣ ከ800 ዓመት በፊት ገደማ በተሠራ የቤተ ክርስቲያን መስኮት ላይ ይህ ትርጓሜ በባለ ቀለም መስተዋት ተሥሎ እስከ ዛሬ ይታያል፤ ከታች የሳምራዊው ታሪክ፣ ከላይ የአዳምና የሔዋን።

ይህን አነባበብ የማይቀበሉም አሉ። የጄኔቫው መምህር ጆን ካልቪን በ1555 ባወጣው የወንጌል ማብራሪያ እንዲህ ያለውን ምሳሌያዊ ትርጓሜ እንደማይወደው በግልጽ ጻፈ። (ከአገራችን ውጭ የተደረገውን ሁሉ ዓመቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደምጽፍ ከወዲሁ ዕወቁልኝ።) የእርሱ ፍርሃት ይህ ነው፦ ሰው ዝርዝሩን ሁሉ እንደ ፈቀደው ከተረጐመ መጽሐፉ የተናገረውን ትቶ የራሱን ልብ ይናገራል። በእኔ አስተያየት ፍርሃቱ የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ መልስ አለው። ለዚህም መልስ የእኛን ጉባኤ ቤት መመልከት ይበቃል።

በጉባኤ ቤት መምህሩ ንባቡን ካሰማ በኋላ ይተረጕመዋል። ከዚያ «አንድም» ይልና ሁለተኛ ትርጓሜ ያመጣል፤ እንደገና «አንድም» ብሎ ሦስተኛ ይጨምራል። የትርጓሜያችን ስም አንድምታ የተባለው ከዚህ የተነሣ ነው። ብሉያት፣ ሐዲሳት፣ ሊቃውንት፣ መነኮሳት የሚባሉት አራቱ ጉባኤያት እንዲህ ይነገራሉ። ጎንደር ላይም በመምህር ኤስድሮስ ምክንያት የላይ ቤትና የታች ቤት የሚባሉ ሁለት የትርጓሜ መንገዶች ተለይተው ታውቀዋል፤ ሁለቱም የአንዲት ቤተ ክርስቲያን ልጆች ናቸው። ታዲያ ድንበሩ የት ነው? ተማሪው ከልቡ አመንጭቶ «አንድም» አይልም። ዓመታት ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ የተቀበለውን ይመልሳል፤ ከሃይማኖት የወጣ «አንድም» የለምና። ስለዚህ ብዙ ትርጓሜ መኖሩ ብቻውን አያስደነግጠን። እኛ ራሳችን የብዙ ትርጓሜ ቤት ነን።

ግን ልጆች፣ ልዩነት ሁሉ እንደ ሁለቱ ዲናር አይደለም። በ«አንድም» ጎን ለጎን የማይቀመጥ ልዩነት አለ።

የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 16ን ተመልከቱ። ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን ይዞ በሄርሞን ተራራ ግርጌ ወዳለችው ወደ ፊልጶስ ቂሣርያ አገር ሄደ። እርሱ ማን እንደ ሆነም ጠየቃቸው። ቅዱስ ጴጥሮስ የሕያው እግዚአብሔር ልጅ ክርስቶስ መሆኑን መሰከረ። ጌታም ጴጥሮስ ብሎ ጠራው፤ በዚያ ዐለት ላይ ቤተ ክርስቲያኑን እንደሚሠራና የመንግሥተ ሰማያትን መክፈቻ እንደሚሰጠው ነገረው። ጴጥሮስ በግሪክኛ ከዐለት የወጣ ስም ነው፤ ጌታ በተናገረበት በአራማይክ ኬፋ ይባላል (ዮሐ. 1፥42)። እኛም በግእዝ ዐለትን ኰኵሕ እንለዋለን። ጥያቄው ዐለቱ ማን ነው የሚለው ነው።

ካቶሊኮች ዐለቱ ጴጥሮስ ራሱ ነው ይላሉ። በአራማይክ ስሙም ኬፋ፣ ዐለቱም ኬፋ ስለ ሆነ ሁለቱን መለየት አይቻልም ብለው ያስረዳሉ። ጴጥሮስ በሮም በሰማዕትነት ስለ ዐረፈ የሮም ጳጳስ መንበሩን ወርሷል፤ ስለዚህም ለቤተ ክርስቲያን ሁሉ አለቃ ነው ይላሉ። በ1870 በቫቲካን ባደረጉት ጉባኤ ይህን ሥልጣን የሃይማኖት ድንጋጌ አድርገውታል። በሮም የሚገኘው የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት በውስጡ ዙሪያውን ይህ የወንጌል ቃል በላቲን በታላላቅ ፊደል ተጽፎበታል። ወደ ላይ ቀና ያለ ሰው ሁሉ ያነበዋል።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ግን ይህን ምዕራፍ ሲተረጕም ዐለቱ ጴጥሮስ የመሰከረው እምነት ነው አለ። ቤተ ክርስቲያናችንም የምታስተምረው ይህንኑ ነው። ለጴጥሮስ የተሰጠው የማሰርና የመፍታት ሥልጣን በዚያው በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ቁጥር 18 ላይ ለሐዋርያት ሁሉ ተሰጥቷልና። እኛ ጴጥሮስን ሊቀ ሐዋርያት ብለን እናከብረዋለን፤ ሐምሌ 5 ቀን ከቅዱስ ጳውሎስ ጋር በዓሉን እናደርጋለን። ነገር ግን አለቅነቱ ለአንዲት ከተማ ጳጳስ ብቻ በውርስ ተላልፏል አንልም። አውግስጢኖስ ደግሞ በሸመገለ ጊዜ፣ በ427 ገደማ፣ ቀድሞ የጻፋቸውን መጻሕፍት መልሶ ሲመረምር፣ ስለዚህ ቃል በአንድ ወቅት ዐለቱ ጴጥሮስ ነው፣ በሌላ ወቅት ደግሞ ዐለቱ ክርስቶስ ነው ማለቱን አስታውሶ ምርጫውን ለአንባቢው ተወው።

ፕሮቴስታንቶችስ? ማርቲን ሉተር ዐለቱ ክርስቶስና በእርሱ ማመን ነው ሲል፣ ኦስካር ኩልማን የተባለ የዚያው ወገን ሊቅ ግን በ1952 ባሳተመው መጽሐፍ ዐለቱ ጴጥሮስ ራሱ ነው፤ ሆኖም ይህ ለእርሱ ብቻ የተሰጠ እንጂ የሚወረስ አይደለም ብሏል። አያችሁ? «ፕሮቴስታንቶች እንዲህ ይላሉ» ብሎ በአንድ ቃል መጨረስ አይቻልም።

ይህን ምዕራፍ በክፍል ስናጠና አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ካቶሊኮች እኮ ጴጥሮስን ያመልካሉ» አለ። «ማን ነገረህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ሰዎች ሲሉ ሰምቻለሁ አለኝ። «ካቶሊክ የሆነ ሰው ሲል ሰምተሃል?» አልሁት። አልሰማም። አንዲት ልጅ ቀበል አድርጋ በትምህርት ቤቷ አንዲት ጓደኛዋ «እናንተ ለእንጨት ትሰግዳላችሁ» እንዳለቻትና እንዴት እንዳለቀሰች ተናገረች። ክፍሉ ዝም አለ። ለመስቀሉ የምንሰግደው በእርሱ ላይ ስለ ተሰቀለው ጌታ እንጂ ለእንጨትነቱ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃሉ። ካቶሊኩም ልጅ እንደዚሁ ጴጥሮስን እንደማያመልክ ያውቃል።

ከዐሠርቱ ትእዛዛት አንዱ በሐሰት መመስከርን ይከለክላል። ብዙዎቻችሁ ይህን ትእዛዝ የምታስቡት ስለ ፍርድ ቤትና ስለ ስርቆት ነው። እኔ ግን ሰው የማያምነውን «ታምናለህ» ማለትም በሐሰት መመስከር ነው እላለሁ። ስለ ሃይማኖት ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ ለአማኙ ከሃይማኖቱ የሚበልጥ ሀብት የለውምና።

ይህን ከማንም ይልቅ ልናውቀው የሚገባን እኛ ነን። ለምን ብትሉ፣ ስለ እኛ 1500 ዓመት ያህል በሐሰት ተነግሯልና ነው። ነገሩ የጀመረው ከአንድ የወንጌል ቃል ነው፤ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ቁጥር 14፣ ቃል ሥጋ ስለ መሆኑ የሚናገረው። ይህን ቃል የማይቀበል ክርስቲያን የለም። ነገር ግን ቃል ሥጋ ከሆነ በኋላ ስለ ክርስቶስ እንዴት እንናገር? የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ ቄርሎስ መለኮትና ትስብእት ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለወጥ፣ ያለ መለያየት ተዋሕደው ክርስቶስ አንድ ባሕርይ ሆነ ብሎ አስተማረ። ብረት በእሳት ሲግል ምን እንደሚሆን አስቡ። ብረቱ ብረት መሆኑን፣ እሳቱም እሳት መሆኑን አይተውም፤ ግን ብረቱን ለብቻው እሳቱን ለብቻው ነጥላችሁ መያዝ አትችሉም። ተዋሕዶ የሚለው የቤተ ክርስቲያናችን ስም የመጣው ከዚህ ትምህርት ነው።

በ451 በኬልቄዶን ጉባኤ ተደረገ። ኬልቄዶን ዛሬ የኢስታንቡል ከተማ አንድ ክፍል ናት። በዚያ የተሰበሰቡት ጳጳሳት ክርስቶስ በሁለት ባሕርይ ይታወቃል ብለው ወሰኑ፤ የእስክንድርያውን ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ ዲዮስቆሮስንም ከመንበሩ አወረዱት። የእኛ አባቶች ከግብፅ፣ ከሶርያና ከአርመን አባቶች ጋር ይህን አልተቀበሉም። ሁለት ባሕርይ ማለት አንዱን ክርስቶስ እንደ ንስጥሮስ ለሁለት መክፈል ይሆናል ብለው ፈሩ። እነዚያም በበኩላቸው የፈሩት ነገር ነበራቸው፤ አንድ ባሕርይ ከተባለ ሰውነቱ በመለኮቱ ውስጥ ጠፍቶ ይቀራል፣ እንደ እኛ መራቡና መድከሙ፣ መሞቱም ከንቱ ይሆናል ብለው ፈሩ። ይህን ስህተት በእርግጥ ያስተማረ አንድ የቍስጥንጥንያ መነኩሴ ነበር፤ ስሙም አውጣኪ ይባላል።

ከዚያ ወዲህ በአውሮፓ በሚጻፉ መጻሕፍት እኛ የአውጣኪ ተከታዮች ተባልን። ቤተ ክርስቲያናችን ግን አውጣኪን ታወግዘዋለች! እናት ልጇን «ይህ ልጄ አይደለም» ስትል፣ ጎረቤት «የለም፣ ያንቺው ነው» እያለ ለ1500 ዓመት ቢከራከራት ምን ይባላል? ማንም መጥቶ ምን እንደምናምን አልጠየቀንም። ቢጠይቅም መልሱን ለመስማት የታገሠው ጥቂት ነው።

በመጨረሻ ግን የጠየቁ ተገኙ። በ1964 በዴንማርክ አገር ኦርሁስ በምትባል ከተማ የሁለቱ ወገን ኦርቶዶክሳውያን ሊቃውንት፣ ማለትም ኬልቄዶንን የሚቀበሉና የማይቀበሉ፣ በአንድ ጠረጴዛ ተቀመጡ። በ1967 በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል፣ በ1970 በጄኔቫ፣ በ1971 (በእኛ በ1963 ዓ.ም.) ደግሞ በራሳችን ከተማ በአዲስ አበባ እንደገና ተገናኙ። እርስ በርስ በጥሞና ሲደማመጡ በቃላት ተለያይተው በምሥጢር ግን አንዱን የኦርቶዶክስ እምነት እንደሚያምኑ ተረዱ። በ1973ም የግብፁ ፓትርያርክ ሳልሳዊ አቡነ ሽኖዳ ሮም ሄደው ከካቶሊኩ ጳጳስ ከጳውሎስ 6ኛ ጋር ስለ ክርስቶስ ያላቸውን እምነት በጋራ ጽፈው ፈረሙ። መለያየቱ በዚህ አላበቃም። ቅዳሴያችን አሁንም የተለያየ ነው፤ ገና ያልተፈታም ብዙ ነገር አለ። ያ የሐሰት ስም ግን ከሚያውቁ ሰዎች አፍ እየጠፋ ሄደ። እኔ ይህን ታላቅ ነገር እለዋለሁ። እንዲህ የሆነውም አንዱ ወገን እምነቱን ስለ ለወጠ አይደለም፤ እንዴት ታነባለህ የሚለው ጥያቄ በእውነት ስለ ተጠየቀ ነው።

አሁን ደግሞ ከሁሉ ወደሚከብደው እንምጣ። በጸሎተ ሐሙስ ማታ ጌታችን ኅብስቱን ባርኮ ለደቀ መዛሙርቱ ሲሰጥ ሥጋው መሆኑን፣ ጽዋውንም ሲሰጥ ደሙ መሆኑን ነገራቸው (ማቴ. 26፥26-28)። «ነው» የምትለዋ ትንሽ ቃል ስንት መጽሐፍ እንዳስጻፈች ብነግራችሁ አታምኑም። እኛ ኅብስቱና ወይኑ በመንፈስ ቅዱስ አማናዊ ሥጋና አማናዊ ደም ይሆናሉ ብለን እናምናለን። እንዴት እንደሚሆን ግን አንመራመርም። በቅዳሴ ላይ ሦስት ጊዜ አሜን ብለን ማመናችንን እንናገራለን፤ በዚያው እናቆማለን። ካቶሊኮችም እንደ እኛ አማናዊ ነው ይላሉ። ነገር ግን በ1215ና በ1551 በተደረጉ ጉባኤዎቻቸው የለውጡን መንገድ በፍልስፍና ቃል ለመግለጽ ሞክረዋል፦ መልኩና ጣዕሙ እንደ ነበረ ሆኖ የውስጡ ምንነት ይለወጣል ይላሉ።

በ1529 በጀርመን አገር ማርቡርግ በተባለ ከተማ ማርቲን ሉተርና የስዊዘርላንዱ ዝዊንግሊ በዚህ ቃል ላይ ተከራከሩ። ሉተር የጌታን ቃል በጠመኔ ጠረጴዛው ላይ በላቲን ጽፎ ተቀመጠ፤ የተጻፈው «ነው» ስለሚል ነው፣ ከዚህ ንቅንቅ አልልም አለ። ዝዊንግሊ ደግሞ ጌታ ራሱን በር ነኝ፣ የወይን ግንድ ነኝ ሲል እንደ ተናገረው ሁሉ እዚህም «ነው» ማለት «ያመለክታል» ማለት ነው አለ። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ቁጥር 63 መንፈስ ሕይወትን እንደሚሰጥ ሥጋ ግን እንደማይጠቅም የተነገረውን ማስረጃ አደረገ። ከ15 ነጥቦች በ14ቱ ተስማምተው በዚህ በአንዱ ሳይስማሙ ተለያዩ። እኛም ከዚያው ምዕራፍ 6 እንጠቅሳለን። ብዙዎች ይህ ንግግር ከባድ ነው ብለው ጥለውት ሲሄዱ ጌታ «ምሳሌ ነው እንጂ» ብሎ አልመለሳቸውም እንላለን። እዩ እንግዲህ፤ ምዕራፉ አንድ፣ ማስረጃውም ከአንድ ቦታ፣ ንባቡ ግን ሁለት!

እዚህ ላይ ስለ አገራችን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛ «ጴንጤ» እያልን በአንድ ስም የምንጠራቸው ሰዎች በዚህ ነገር አንድ አይደሉም። በ1951 ዓ.ም. የተመሠረተችው የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የሉተራውያን ወገን ስለ ሆነች የምትከተለው የሉተርን አነባበብ ነው። ከሌሎቹ ብዙዎቹ ግን እራቱን መታሰቢያ አድርገው ያያሉ። ስለዚህ አንዱን ልጅ በሌላው እምነት መክሰስ አለ ማለት ነው። ሰውን በስሙ መጥራት ካልተቻለ እምነቱን በትክክል መናገር እንዴት ይቻላል? ደግሞም ይህ ቃል ብዙ ጊዜ በስድብ አነጋገር እንደሚነገር ታውቃላችሁ።

ስለ እመቤታችን ዘላለማዊ ድንግልናም በማቴዎስ 1፥25 ላይ ያለችው «እስከ» ክርክር ታስነሣለች። በ2ኛ ሳሙኤል 6፥23 ሜልኮል እስከ ሞተችበት ቀን ልጅ አልወለደችም ተብሎ ተጽፏል፤ ከሞተች በኋላ ወለደች ማለት እንዳልሆነ የታወቀ ነው። የጌታ ወንድሞች የተባሉትን ቅዱስ ኤጲፋንዮስ ዮሴፍ ከቀድሞ ሚስቱ የወለዳቸው ልጆች ናቸው ሲል ሄሮኒሞስ የእናቱ እኅት ልጆች ናቸው አለ። ሉተርና ዝዊንግሊም እመቤታችን ዘወትር ድንግል መሆንዋን ያምኑ እንደ ነበር ብትሰሙ ሳትደነቁ አትቀሩም። ይህን ርእስ በሌላ ጊዜ ሰፋ አድርገን እንማረዋለን።

እንግዲህ ሁለት ነገር አልወድም። አንደኛው፣ ልጆች ምዕራፍና ቁጥር በቃላቸው ይዘው እንደ ወንጭፍ ድንጋይ እንዲወረውሩ ማስተማር ነው። ድንጋዩ ሲያልቅ ልጁ ባዶ እጁን ይቀራል፤ የተመታውም ልጅ ወደ እኛ አይመጣም። ሁለተኛው፣ «ሁሉም ያው ነው፣ ልዩነት የለም» የሚለው አነጋገር ነው። ይህም እውነት አይደለም። ሥጋው ነው በማለትና ሥጋውን ያመለክታል በማለት መካከል ያለውን ልዩነት ሉተርና ዝዊንግሊ እንኳ አቅልለው አላለፉትም።

ጌታችን እንዴት እንዳደረገ ተመልከቱ። ሳምራውያን ከአይሁድ ጋር አንዱን የሙሴን ሕግ ያነባሉ፤ ነገር ግን የስግደቱ ቦታ ኢየሩሳሌም ሳይሆን የገሪዛን ተራራ ነው ይላሉ። (ዛሬም ከ1000 የማይበልጡ ሳምራውያን አሉ፤ በዚያው ተራራ ላይ የፋሲካ በጋቸውን ያርዳሉ።) ሳምራዊቷ ሴት በያዕቆብ ጕድጓድ አጠገብ ስለዚህ ስትጠይቀው ጌታ «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» አላላትም፤ መዳን ከአይሁድ መሆኑን በግልጽ ነገራት (ዮሐ. 4፥22)። ለሕግ ዐዋቂው ምሳሌ ሲመስል ግን ደጉን ሰው ሳምራዊ አደረገው። ቀድሞ እውነቱን አልሸሸገባትም፤ አሁንም ሳምራዊውን አላዋረደውም።

በእኛ ክፍል ከዚህ ዓመት ጀምሮ ሥርዐት አውጥተናል። አንድ ተማሪ የቤተ ክርስቲያናችንን ትርጓሜ ከመናገሩ በፊት የሌላውን ወገን ትርጓሜ ያ ወገን ራሱ ቢሰማ «አዎ፣ እንዲህ ነው የምለው» እስኪል ድረስ መናገር አለበት። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ይስቁ ነበር፤ ከባድ ሆኖባቸው ነው። አሁን ግን ከትልልቆቹ ይልቅ ትንንሾቹ ይበልጣሉ። ምክንያቱን ጠይቄ አንዲት ተማሪ «ጓደኛዬን ጠይቄያት ነዋ!» አለችኝ።

ለሚመጣው እሑድ ማቴዎስ 16፥13-19ን፣ ማቴዎስ 18፥18ንና ዮሐንስ 1፥42ን አንብባችሁ ኑ። የደብተራችሁን ገጽ በመስመር ለሁለት ክፈሉ። በግራ በኩል ካቶሊክ የሆነ ልጅ ዐለቱን እንዴት እንደሚያነበው ጻፉ፤ በዚያ በኩል «ግን» የሚል ቃል እንዳይገኝ። በቀኝ በኩል የቤተ ክርስቲያናችንን ትርጓሜ ከነምክንያቱ ጻፉ። ያልገባችሁን ጥያቄ ከታች አስፍሩት፤ መልስ ባይኖራችሁም ጥያቄውን ይዛችሁ ኑ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።